የእቴቴ ድልዝ

ኅዳር 12 የየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ ከታጠነ በኋላ ቤታችን ውስጥ ከበርበሬ ሌላ ወሬ አልነበረም። ዋጋው ስንት ገባ? ዘንድሮ የማረቆው ይሻላል የአላባው? ትልቁ ሙቀጫ ማን ቤት ነው ያለው? ሰሌኑስ? ጉለሌ፣ ባደግኩበት ግቢ፣ በርበሬው የየቤቱ ቢሆንም ሥራው የጋራ ነበር። የአንዷ ተራ ሲደርስ ሌሎቹ በርጩማቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ነገ ደግሞ የሌላዋ ነው። የሁሉም አለቃ አያቴ ነበረች። የልጅ ልጆቿም የጎረቤት ልጆችም እቴቴ ነበር የምንላት።

መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ፣ መጀመሪያ የወሰደችኝ እሷ ናት። ፊደል ገና አልቆጠርኩም። የነጠላዋን ጫፍ ይዤ ስሄድ ገና ከሩቁ ጉሮሮዬን ሲከረክረኝ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ቀዩ መጣ። በግራም በቀኝም አፉን የከፈተ ጆንያ፣ ጆንያው ላይ የተከመረ ዛላ፣ የተሸካሚዎቹ ልብስ ቀይ፣ ሽፋሽፍታቸው ሳይቀር ቀይ። ሁሉም ያስነጥሳል፣ ሁሉም ይማርህ ይባባላል፣ ግብይቱ ግን አይቋረጥም። ዋጋው የሚጠራው በፈረሱላ ነበር፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። እኛ ግቢ አንዱን ፈረሱላ ሁለት ቤት ሆኖ መካፈል የተለመደ ነበር።

እቴቴ ከላይ የተደረደረውን አታይም። እጇን እስከ ክርኗ ትሰድና ከጆንያው ሆድ ታወጣለች። ያወጣችውን ዛላ ጆሮዋ አጠገብ ትነቀንቀዋለች፤ የደረቀ ከሆነ ፍሬው ውስጡ ይንሿሿል። ወደ እኔም ጆሮ አስጠግታ «ሰማሽ?» ትለኛለች። ቀጥላ ታጥፈዋለች። በጣም የሚለመጠው ውሃ ይዟል፤ ገና ሲነኩት የሚፈረካከሰው ደግሞ ከልክ በላይ ደርቋል፤ ሁለቱንም አትወዳቸውም። በመጨረሻ ለሁለት ትሰነጥቀዋለች። ላዩ የሚያብረቀርቅ ዛላ ውስጡ አመድማ ሻጋታ ይዞ ሲገኝ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። «እናቴ፣ እሱ እኮ አንድ ነው፣ ሌላውን ይዩ» አላት ሻጩ። «ልጄ፣ አንዱ እዚህ ካለ ወንድሞቹም አሉ» ብላው አለፈች።

እርጥበት ያለው ዛላ ሚዛን ላይ ይከብዳል፤ ስለዚህ ውሃ የሚረጭበት ነጋዴ አይጠፋም። ዛሬ ባለሙያዎች አፍላቶክሲን ስለሚባለው መርዝ ያስጠነቅቃሉ፤ እርጥበት በያዘ በርበሬ ላይ የሚወጣ ሻጋታ የሚያመርተው ነው፤ ቢታመስም በቀላሉ አይጠፋም። እቴቴ ስሙን ሰምታ አታውቅም። «ሻጋታን ፀሐይም እሳትም አያወጣውም» የምትለውን ግን ግቢው ሁሉ በቃሉ ያውቀው ነበር።

የእሷ ምርጫ ማረቆ ነበር። በቆሼ ዙሪያ የሚበቅለው ይህ በርበሬ ዛላው ረዘም ሰፋ ያለ ነው፤ ቅላቱም ወደ ጥቁር ያደላል፤ ወጥ ውስጥ ሲገባ መልኩ አይከዳም። የጎጃሙን፣ የቡሬውንና የፍኖተ ሰላሙን የሚመርጡም ነበሩ፤ ክርክሩ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይነሳል፣ በየዓመቱም ሳይቋጭ ይቀራል።

የመጀመሪያው የልጆች ሥራ ቅንጠሳ ነው። ጭራውን ትቀነጥሺያለሽ፣ ዛላውን ትከፍችያለሽ፣ ፍሬውን ታራግፊያለሽ፣ ነጣ ያለውንና የጠቆረውን ለብቻ ታደርጊያለሽ። ከሰዓት በኋላ ጣቶቼ ምንም አልሆኑም፤ ማታ ነው ጉዱ። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ሲሞቀኝ ሁለቱም እጆቼ መንደድ ጀመሩ። እናቴ በቀዝቃዛ ውሃ ልትነክራቸው ስትል እቴቴ ከለከለቻት። ለጋ ቅቤ አምጥታ ጣት በጣት፣ በጥፍሮቼ ሥር ሳይቀር፣ ቀስ አድርጋ አሸችልኝ፤ በጨርቅ ጠረገችና እንደገና ቀባችኝ። ቃጠሎው እየላላ ሄደ። ኋላ ትምህርት ቤት የሚያቃጥለው ነገር ካፕሳይሲን እንደሚባል፣ በውሃ እንደማይሟሟና በቅባት እንደሚሟሟ ስማር ያ ሌሊት ነው የመጣብኝ። ቁሌት ዘይት ካልጠገበ በርበሬው ለምን ጉሮሮ እንደሚይዝም ያኔ ገባኝ።

ሌላም የምታውቀው ነበር። ብዙ ሰው የሚያቃጥለው ፍሬው ይመስለዋል። ኃይሉ ያለው ግን ፍሬው ተያይዞ የሚበቅልበት ነጩ ጅማት ላይ ነው። እቴቴ የሕፃናትና የአራስ በርበሬ ሲዘጋጅ ያንን ጅማት በጥፍሯ እየላጠች ታስወጣ ነበር፤ ለትልቅ ሰው የሚሆነውን ግን «እሱንማ ተዪው፣ ለምን ገዛነው ታዲያ» ትላለች።

ቅንጠሳ ላይ የሚወራውን ወሬ ልጅ ሆኜ ከየትም ሌላ ቦታ አልሰማሁትም። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል። ማን ለማን እንደታጨች፣ የማን ዕቁብ እንደወጣ፣ የማን ልጅ ዘመቻ ላይ እንዳለና ደብዳቤው እንደዘገየ። 1970ዎቹ ናቸው፤ ይህ የመጨረሻው ሲነሳ ድምፅ ይቀንሳል፣ አንዳቸው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይነካሉ፣ ማንም በርበሬው ነው ወይስ ሌላ ብሎ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደ ድልዙ።

የተቀነጠሰው ዛላ ፀሐይ ጠግቦ ከዋለ በኋላ ሙቀጫ ውስጥ ይሸከሸካል። ደቅቆ ዱቄት እንዲሆን አይደለም፤ ተሰባብሮ ቅመም እንዲቀበል ነው። ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ቆመው በየዘነዘናቸው አንዱን ሙቀጫ እየተቀባበሉ ይመቱታል፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ያርፋል፤ አይነካኩም። ጎን ለጎን ነጭ ሽንኩርት ይላጣል፣ ዝንጅብል ይፋቃል፣ ቀይ ሽንኩርት ይከተፋል፣ በሶብላ ከነአበባው፣ ጤና አዳም ከነፍሬው ይለቀማል። እናቴ በኋላ ደብተር ላይ እንዳሰፈረችው ለ10 ኪሎ ዛላ ነጭ ሽንኩርቱ አንድ ኪሎ ተኩል፣ ዝንጅብሉ አንድ ኪሎ ነው፤ የቀረውን «እንደ ዓይንሽ» ብላ ነው የጻፈችው። ሁሉም ለየብቻው ተወቅጦ ከበርበሬው ጋር ይታሻል። እቴቴ እጅጌዋን ሰብስባ በጉልበቷ ተንበርክካ ነበር የምታሸው፤ ጭማቂው በጣቶቿ መሃል እስኪወጣ፣ ደረቅ ፍንካች እስኪጠፋ። ከዚያ ጋን ውስጥ ይጠቀጠቅና አፉ በኮባ ቅጠል ታስሮ ይታፈናል። ሁለት ሌሊት፣ ሦስት ሌሊት። ብርድ ከሆነ ደግሞ ይጨመርለታል።

አንድ ጠዋት ጋኑን ስትፈታ አጠገቧ ነበርኩ። መጀመሪያ ያን የሚሰነፍጥ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ጠብቄ አፍንጫዬን ይዤ ነበር። የመጣው ሌላ ነው። ጣፈጥ ያለ፣ ወደ ጠጅ የሚያደላ፣ በሶብላው ከሥር የሚሸት። እጄን ይዛ መሃሉ አስገባችው። ሞቅ ያለ ነበር። እሳት ሳይነካው፣ ፀሐይ ሳያገኘው፣ ጨለማ ጋን ውስጥ ሞቆ። «ሕይወት አለው እንዴ?» አልኳት። «አለው» አለችኝ፤ «ለዚህ እኮ ነው ቶሎ ቶሎ የማይከፈተው።»

ስለ በርበሬ አንድ ነገር ብቻ ተናገሪ ብባል የምናገረው ይህንን ነው። የቤት በርበሬ ጣዕም የሚለየው እዚህ ነው። ደረቅ ዛላና ደረቅ ቅመም አብሮ ማስፈጨት ቀላል ነው፤ ቀለምም ቃጠሎም ይገኝበታል። ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ከበርበሬው ጋር ታፍነው ካላደሩ ግን እያንዳንዱ ቅመም ለየብቻው ነው ምላስ ላይ የሚናገረው። ባልትና ቤቶችን አልነቅፍም፤ ጊዜ የሌለውን ሕዝብ ከችግር አውጥተዋል፣ ደልዘው በጥንቃቄ የሚያዘጋጁም አሉ። ስገዛ የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፤ ተደልዟል ወይስ አልተደለዘም? አብዛኛው ሻጭ ጥያቄውን ሲሰማ ፊቱ ይለወጣል፤ መልሱን ከዚያ አውቀዋለሁ።

የተደለዘው ሰሌን ላይ ሲሰጣ ሥራው እንደገና የእኛ የልጆች ነው። ዶሮ ማባረር፣ ማገላበጥ፣ ሰማይ ማየት። ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ የታመነ ነው፤ ግን ደመና ቢጤ ከእንጦጦ በኩል ብቅ ካለ ግቢው በሙሉ ይጮሃል፣ የሰሌኑን አራት ማዕዘን አራት ሰው ይዞ ይሮጣል።

ከዚያ ደረቅ ቅመሙ ይመጣል። ድንብላል፣ ነጭ አዝሙድ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ አብሽ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጥምዝ፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ። እያንዳንዱ ለየብቻው ምጣድ ላይ አመስ አመስ ይደረጋል፤ አብሽ ለአፍታ ከተረሳ ይመራል፣ ስለዚህ የአብሹ ምጣድ ለወሬኛ አይሰጥም። ለእኔ የተሰጠኝ ኮረሪማ መፈልፈል ነበር። ደረቁን ገለባ በጥርሴ ሰንጥቄ ስከፍተው ውስጡ ቡናማ፣ የሚያንጸባርቅ ፍሬ ተጣብቆ ተደርድሯል፤ ሽታው ቀዝቃዛ ነው፣ እስከ ግንባር ይወጣል። ዛላው ከአሜሪካ አህጉር ተነስቶ ባሕር ተሻግሮ ከ16ኛው መቶ ዘመን ወዲህ የደረሰን መሆኑን፣ ኮረሪማው ግን የከፋና የአካባቢው ደን የራሱ ልጅ መሆኑን ያወቅሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ዛላ ሳይመጣ በፊትም ወጣችን ቅመም አላጣም ማለት ነው፤ ኮረሪማ ነበረ፣ ዝንጅብል ነበረ፣ ጥምዝ ነበረ፣ ቁንዶ በርበሬም በንግድ ይመጣ ነበር። የዚያ ዘመን ሴቶች እንግዳውን ዛላ ተቀብለው እነሱ ከሚያውቁት ቅመም ጋር እንዴት እንዳስማሙት ሳስብ አክብሮት ያድርብኛል። ስማቸውን የጻፈ የለም፤ ሥራቸውን ግን በየቀኑ እንበላለን።

ወፍጮ ቤት ስንሄድ እቴቴ ከበርበሬው አትለይም። የበርበሬ ወፍጮ ከእህሉ የተለየ ነው፤ ግን ከእኛ በፊት የማን በርበሬ እንደተፈጨበት አይታወቅም። ወፍጮው እስኪጠረግ ቆማ ታያለች፣ ከዚያ መጀመሪያ ጨውና ጥቂት የራሳችንን ታስጨምራለች፣ የወጣውን ለብቻ ትይዘዋለች። ይፈጫል፣ ይደገማል። ሲወጣ ትኩስ ስለሆነ ወዲያው አይታሰርም፤ ትኩሱ ከታፈነ ያልበዋል፣ ይጓጉላል። ቤት ገብቶ አንሶላ ላይ ተዘርግቶ ሲቀዘቅዝ ነው በወንፊት ተነፍቶ ዕቃ የሚገባው። ያን ዕለት ማታ ጥቂት ቀይ ሽንኩርት ተቁላልቶ አዲሱ በርበሬ ይሞከራል። ቀማሿ እናቴ ናት፤ እቴቴ አትቀምስም። ከዱቄቱ ቆንጥራ የእጇ ጀርባ ላይ ታሸዋለች፣ ታሸትተዋለች፣ ከፈቀደችው «ይሁን» ትላለች። ከዚህ የበለጠ ምስጋና አላወጣችም።

እኔ አሁን የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዘነዘና ቢመታ የታችኛው ጎረቤት ጣሪያ ይናጋል፤ ስለዚህ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን በኤሌክትሪክ መፍጫ አደርገዋለሁ፣ ዛላውን ወፍጮ ቤት አስሸክሽኬ አመጣዋለሁ። ፀሐዩን በረንዳዬ ላይ አገኘዋለሁ። ጋን የለኝም፤ ክዳኑ የሚገጥም ሰፊ ባልዲ ውስጥ እጠቀጥቀውና በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኜ እከድነዋለሁ። ይሞቃል። በሦስተኛው ጠዋት ስከፍተው የላይኛውና የታችኛው ፎቅ ሴቶች ሽታውን ተከትለው ደጄን ያንኳኳሉ፤ አንዳንዶቹ ከእናታቸው ቤት ወዲህ አልሸተቱትም። ባለፈው ታኅሣሥ ሁለቱ አብረውኝ ደለዙ። ዘንድሮ ፈረሱላውን ለሦስት ልንካፈል ተስማምተናል።

ከዚያ ላይ የእህቴ ድርሻ ይነሳል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። እዚያ የኢትዮጵያ ሱቅ ሞልቷል፣ በርበሬም አይጠፋም፤ እሷ ግን የቤቱን ነው የምትፈልገው። ድርብ ላስቲክ ውስጥ ታሽጎ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ በሚሄድ ሰው ሻንጣ ይላክላታል። በደረሰ ማግስት ትደውላለች። ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ፦

«ስንት ሌሊት አደረ?»

«ሦስት።»

«አራት ነው የሚመስለው።»

«ብርድ ነበር» አልኳት፤ «ጨመርኩለት።»