ምልክቱ በመልእክቱ ሁሉ

ጎንደር አራዳ ቆም ብላችሁ ታፔላዎቹን ብትመለከቱ የፋሲል ግንብን ደጋግማችሁ ታገኙታላችሁ። ምግብ ቤቱም፣ ፎቶ ቤቱም ይስሉታል። አንዱ ቡናማ፣ ሌላው ሰማያዊ ያደርገዋል፤ አንዱ አራቱን ክብ ማማዎች ያወጣል፣ ሌላው ሁለቱን ይተዋል። ግንቡ የሁላችንም ስለሆነ ብቻውን አንዱን ቤት ከሌላው አይለይም። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ወይንጠጅ ቀለም ግን ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ከሩቅ ያውቀዋል። ልዩነቱ የሥዕሉ ማማር አይደለም፤ በየቦታው ያው ሆኖ መገኘቱ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድንም ተመልከቱ። በ1938 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በዚያው ዓመት የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ከዚያ ወዲህ ንጉሣዊው ሥርዓት አልፏል፣ ደርግ መጥቶ ሄዷል፣ አውሮፕላኖቹም ተለዋውጠዋል። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀዩ ግን አልጠፋም። በባዕድ አገር አውሮፕላን ማረፊያ የተቀመጠ ስደተኛ ያንን ጭራ በመስኮት ሲያይ፣ ጽሑፉን ሳያነብ ልቡ አገሩ ይደርሳል።

“ይህ የነጋዴ ነገር ነው፤ ለእኛ ምን ያደርግልናል?” የሚል ወጣት አይጠፋም። እኔም ይህን ጥያቄ በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። መልሱን ያስተማሩኝ አንዲት እናት ናቸው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ አጥቢያ ሳገለግል የቤተ ክርስቲያኒቱን ስም የያዘ የእርዳታ ማስታወቂያ በስልክ ዞረ። ለታመመ ወንድም ሕክምና ይላል፤ ከሥሩ ገንዘብ መላኪያ ቁጥር አለው። እኚህ እናት በልጅ ልጃቸው አስነብበው፣ ከጉልት ሽያጫቸው ያጠራቀሙትን ላኩ። በኋላ ሲጣራ ቁጥሩ የማንም አገልጋይ አልነበረም፤ የታመመ ወንድምም አልነበረም። አንዱ ሽማግሌ “እማማ፣ እንዴት አልጠረጠሩም?” ቢላቸው፣ “ልጄ፣ የእናንተ ወረቀት መቼ አንድ ዓይነት ሆኖ ያውቃል?” አሉት።

እውነታቸውን ነበር። የመዘምራኑ ባነር ቀይ፣ የወጣቶቹ ፖስተር ጥቁር፣ የጸሎት ቡድኑ ማስታወቂያ በአበባ የተከበበ ነበር። በአርማው ያለው መስቀል አንዱ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ሌላው ላይ ተለጥጦ ሰፍቷል። እውነተኛው መልክ ከሌለ ሐሰተኛው በምን ይታወቃል?

ይህ ችግር አዲስ አይደለም። ተሰሎንቄ ላሉት አማኞች ከሐዋርያት የመጣ የሚመስል ደብዳቤ እንዳያናውጣቸው ጳውሎስ አስጠንቅቋቸዋል። በዚያው ሁለተኛ መልእክት መጨረሻ፣ በ3፥17፣ ሰላምታውን በገዛ እጁ እንደ ጻፈና ይህም በመልእክቱ ሁሉ የሚገኝ ምልክቱ እንደሆነ ይነግራቸዋል። የሮሜን መልእክት በብዕር ያሰፈረው ጤርጥዮስ ነበር፤ ለገላትያ ግን ጳውሎስ በራሱ እጅ በትልልቅ ፊደል መጻፉን ይጠቅሳል። ምልክቱ የተሰጠው ለጌጥ አልነበረም፤ መንጋውን ከማታለል ለመጠበቅ ነበር።

ስለዚህ በየኅብረታችሁ ቴሌግራሙን የምትይዙ፣ ባነር የምታሠሩ ወጣቶች፣ ሥራችሁ ጥበቃም ነው። የአርማው ትክክለኛ ፋይል በአንድ ሰው እጅ ይቀመጥ፤ ከስልክ ስልክ እየተቀዳ የደበዘዘውን አትጠቀሙ። ሁለት ቀለምና አንድ የፊደል ቅርጽ ምረጡና በደብዳቤው፣ በቲሸርቱ፣ በፖስተሩ ላይ እነዚያኑ አውሉ። ሲሰፋም ሲጠብም የአርማው መጠን አይዛባ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ገንዘብ የሚጠየቅበት የሒሳብ ቁጥር አንድ ይሁን፤ ከመድረክም በቃል ይነገር፤ ማንበብ የማይችሉት እንዲሰሙት። የተሻለ ቀለም ያየ ሁሉ በየወሩ ይቀይር ከተባለ ግን ድካሙ ከንቱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አርማ ቃል ኪዳን ነው፤ ቃል ኪዳኑን የሚፈጽመው ግን ሰው ነው። ጳውሎስ የቆሮንቶስን አማኞች ሰው ሁሉ የሚያነብባቸው ደብዳቤ አድርጎ ይቆጥራቸው ነበር። እሑድ በመድረክ ላይ አንድ፣ ሰኞ በገበያ ሌላ ከሆንን፣ የኖራ ቀለም የተቀባ መቃብር ከመሆን አናልፍም። በተለይ እንደ ጎንደር ባለ፣ እኛ ጥቂት በሆንንበት ከተማ፣ ጎረቤት የሚያነብበው ከባነራችን በፊት እኛን ነው። ባነሩ ንጹሕና አንድ ዓይነት ይሁን፤ ከሥሩ የምንቆመው ሰዎችም እንዲሁ።