ልጆች ከቴአትር ሲመለሱ ምን ይዘው ይመለሱ?



ትምህርት ቤት ልጆችን ድራማ ሊያሳይ ሲል በየቤቱ ሁለት ዓይነት መልስ እንሰማለን። አንዱ «አትሄድም፣ ጨዋታ ነው» ይላል። ሌላው ብሩን ሰጥቶ ዝም ይላል። በሁለቱም ቤት ልጁ ብቻውን ቀርቷል።

ወንድሞችና እህቶች! በዒድ ቀን ሐበሾች በመስጂድ ውስጥ በጋሻና በጦር ሲጫወቱ እናታችን ዓኢሻን (ረ.ዐ) ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከኋላቸው አቁመው አሳይተዋታል። እስኪበቃት ታግሠው «በቃሽ?» ብለው ጠይቀዋታል። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። አልከለከሏትም፤ ብቻዋንም አልተዋትም። አብረዋት ቆሙ፣ ጠበቋት፣ ጠየቋት። ለእኛም መንገዱ ይኸው ነው።

እኛ ባለንበት ጎግ ቴአትር ሲባል እንደ አዲስ አበባው ብሔራዊ ቴአትር ያለ አዳራሽ አይደለም፤ የተማሪዎች ክበብ የሚያሳየው ድራማ ነው። ቤቱ አኝዋክኛ የሚያወራ ልጅ ድራማው በአማርኛ ሲሆን ብዙ ነገር ያመልጠዋል። ከጎኑ ያለው ሲስቅ እሱም ይስቃል። ከዐስር በኋላ የሚቀሩ ልጆቻችንን ስላዩት ድራማ ብንጠይቃቸው «ሳቅን» አሉን። ምን እንዳሳቃቸው የነገረን ግን የለም።

ስለዚህ አስቀድመን መምህሩን እንጠይቅ፦ ታሪኩ ምንድን ነው? ነውር አለበት? የሶላት ሰዓት ያልፋል? ከዚያ ታሪኩን ልጁ በሚገባው ቋንቋ ባጭሩ እንንገረው፤ መጨረሻውን ግን እንተውለት። አንድ አደራም እንስጠው፦ «አባትየውን ልብ ብለህ እይ፤ መቼ እንደዋሸ ትነግረኛለህ።»

በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትር የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። በ1910ዎቹ ሲታይ የሚናገሩት አውሬዎች ነበሩ፤ ሹማምንቱ ግን ነገሩ ስለ እነሱ እንደሆነ ገባቸው፤ ታገደም። ኢብኑል ሙቀፈዕ በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ዐረብኛ የመለሰው «ከሊላ ወዲምና»ም በእንስሳት አፍ ስለ ንጉሥና ስለ አማካሪዎቹ ይናገራል። ልጅም ከሚታየው ጀርባ ያለውን ማየት ይችላል፤ የሚጠይቀው ካገኘ። ግን «እከሌን ይመስላል» ወደሚል ሐሜት እንዳንወስደው እንጠንቀቅ። «አንተ በእሱ ቦታ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ይበቃል።

ወዲያው ባይመልስ አንቆጣ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊምን የምትመስለው ዛፍ የትኛዋ እንደሆነች ሰሓቦችን ሲጠይቁ ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) የተምር ዛፍ መሆኗ በልቡ መጥቶለት ነበር። ትልልቆች ስለነበሩ አፍሮ ዝም አለ። በኋላ ለአባቱ ሲነግረው፣ ዑመር (ረ.ዐ) ተናግሮት ቢሆን ኖሮ በጣም ይወዱት እንደነበር ገለጹለት። ሐዲሱ በቡኻሪና በሙስሊም አለ።

የእኛም ልጆች እያወቁ ዝም የሚሉት ብዙ ጊዜ ነው። እንግዳ ፊት ሳይሆን መንገድ ላይ፣ እራት ላይ እንጠይቃቸው። ትምህርቱን ከአፋቸው ቀድመን አንንጠቃቸው። ታላቅ ወንድም ወይም እህት የሆናችሁ ወጣቶች፣ ይህ ከአባትና ከእናት ይልቅ ለእናንተ ይቀላል፤ ታናሾቻችሁ እናንተን ቶሎ ያወሯችኋልና።

አላህ ልጆቻችንን አይተው የሚያስተውሉ፣ እኛንም የምንሰማቸው ያድርገን። ኣሚን።