ከሲኒማ ስንወጣ

ጉልበቴ ቢያስቸግረኝም ቦሌ መንገድ ወደሚገኘው ዓለም ሲኒማ መሄድ አልተውኩም። በ2007 ዓ.ም. በካን ፌስቲቫል የታየውን የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ያየሁት ከልጅ ልጄ ጋር ነው።

ኤፍሬም እናቱን በድርቅ አጥቷል። አባቱ ዘመድ ቤት ትቶት ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። የቀረችው በጉ ጩኒ ናት፤ እሷንም አጎቱ ለበዓል ሊያርዳት ያስባል። ልጁ የሆዱን የሚያወራው ለሷ ነው።

በነርስነቴ ዘመን እንዲህ ያሉ ልጆችን አይቻለሁ። «እናትህ ሩቅ አገር ሄዳለች» ይባላሉ፤ ሲጫወቱ ስናይ ረሱ እንላለን። አይረሱም፤ የሚጠይቁት ሰው ነው የሚያጡት።

ስንወጣ የልጅ ልጄ «እማማ፣ ኤፍሬም እናቱን መቼ ይረሳታል?» አለኝ። «አይረሳትም» አልኩት። ቀጥሎ ስለ ሟች አያቱ ጠየቀኝ፤ ታክሲውን ትተን በእግር እየሄድን ሁሉንም መለስኩለት።

ልጆችን ሲኒማ ስትወስዱ ለመመለሻውም ጊዜ ያዙ።