ያለ ደመወዝ የሚጻፍ ዜና

ስለ ስፖርት በተነሣ ቁጥር ተጫዋቹ፣ አሠልጣኙና ዳኛው ይታወሳሉ፤ ጨዋታው በተፈጸመ ማግሥት የሆነውን ሁሉ በጽሑፍ የሚያቆየው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። እንደ እግር ኳስና እንደ ሩጫ ባሉት ስፖርቶች ይህ ሰው ደመወዝተኛ ነው። ጋዜጣው ይቀጥረዋል፣ ራዲዮው ይልከዋል፣ የውሎ አበልም ይታሰብለታል። በባድሚንተን ዓለም ግን ነገሩ ከዚህ ይለያል። ከአገር ወደ አገር የሚዘዋወረውን የዚህን ስፖርት ውድድር ዓመቱን ሙሉ እየተከታተሉ ለዓለም ከሚያሰሙት መካከል ብዙዎቹ አንዳች ክፍያ የማይቀበሉ ፈቃደኞች ናቸው። አንዱ ቀን ቀን መምህር፣ ሌላዋ የቢሮ ሠራተኛ፣ ሌላው ደግሞ ገና ትምህርቱን ያልጨረሰ ተማሪ ሊሆን ይችላል። አብዛኞቹ በአንድ አገር አይኖሩም፤ በአንድ ቋንቋም አፋቸውን አልፈቱም። የሚያገናኛቸው ለጨዋታው ያላቸው ፍቅርና በኅብረት የሚያዘጋጁት ዜና ነው።

ጨዋታው ለብዙው የአገራችን አንባቢ እንግዳ ሊሆን ስለሚችል ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። ባድሚንተን 13.4 ሜትር ርዝመትና 6.1 ሜትር ስፋት ባለው ሜዳ ላይ፣ በመካከል መረብ ተዘርግቶ፣ ሁለት ወይም አራት ሰዎች በራኬት የሚጫወቱት ነው። የሚመታው ነገር እንደ ሌላው ኳስ ድቡልቡል አይደለም። ከቡሽ በተሠራ ራስ ላይ 16 የዝይ ወይም የዳክዬ ላባ ተሰክቶበት የሚሠራ ሲሆን፣ ክብደቱም ከ4.74 እስከ 5.50 ግራም ብቻ ነው። ይህን ያህል ቀላል በመሆኑ ትንሽ ሽውታ እንኳ ከመንገዱ ያስተዋል። ታላላቆቹ ውድድሮች በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ የሚደረጉትም፣ ተጫዋቾች የአየር ማቀዝቀዣው ከየት በኩል እንደሚነፍስ በብርቱ የሚጠይቁትም ስለዚህ ነው። ስሙን ያገኘው በእንግሊዝ አገር የቦፎርት መስፍን መኖሪያ ከሆነው ባድሚንተን ሃውስ ሲሆን፣ ሕጉ መልክ መያዝ የጀመረው በ1870ዎቹ በህንድ አገር በፑና ከተማ በነበሩ እንግሊዛውያን ዘንድ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1934 ዘጠኝ አገሮች ተሰብስበው ዓለም አቀፉን ፌዴሬሽን መሠረቱ። በ1992 ባርሴሎና ላይ ባድሚንተን ከኦሊምፒክ ስፖርቶች እንደ አንዱ ሆኖ ሜዳሊያ ሲሰጥበት፣ ኢንዶኔዥያ በሱሲ ሱሳንቲና በአላን ቡዲኩሱማ አማካይነት በታሪኳ የመጀመሪያ የሆኑትን የኦሊምፒክ ወርቆች አገኘች። በጃካርታ፣ በኳላ ላምፑር ወይም በኮፐንሃገን ይህን ስፖርት የማያውቅ ሕፃን የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሌላው ዓለም ግን ጋዜጦች በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ ብለው ያዩታል።

ዜናው በፈቃደኞች እጅ መውደቁ የዛሬ ነገር አይደለም። ባድሚንተን ጋዜት የተባለው የእንግሊዞች መጽሔት በ1907 መታተም ሲጀምር ስፖርቱ የሚተዳደረው በትርፍ ጊዜያቸው በሚሠሩ ሰዎች ነበር። ከእነዚህ መካከል ሄርበርት ሺል የተባለው ሰው ሊጠቀስ ይገባዋል። ይህ ሰው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ እስከ 1976 ድረስ የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የክብር ጸሐፊ ነበር። በእንግሊዞች የስፖርት ማኅበራት ዘንድ «የክብር» ማለት ደመወዝ የሌለው ማለት ነው። ሺል ደብዳቤ ይጽፋል፣ ውድድር ይመራል፣ ከዚያም አልፎ ያንኑ መጽሔት ለብዙ ዓመታት አዘጋጅቷል። ውድድሩን የሚመራውና ስለ ውድድሩ የሚጽፈው አንድ ሰው መሆኑ ለዛሬው አንባቢ ግር ሊል ይችላል፤ ግር ማለቱም ተገቢ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ሌላ የሚጽፍ አልነበረም። ሺል ባይጽፈው ኖሮ ከዚያ ዘመን ጨዋታ ብዙው ከተመልካቾቹ ጋር ተቀብሮ ይቀር ነበር።

የዛሬው ፈቃደኛ ከሺል የሚለይበት ዋናው ነገር የሥራው ብዛት ነው። አንድ መደበኛ ዓለም አቀፍ ውድድር አምስት ዓይነት ግጥሚያ አለው፤ የወንዶች ነጠላ፣ የሴቶች ነጠላ፣ የወንዶች ጥንድ፣ የሴቶች ጥንድና ድብልቅ ጥንድ። በእያንዳንዱ 32 ተወዳዳሪ ወይም ጥንድ ቢገባ፣ ከማክሰኞ እስከ እሑድ ባሉት ስድስት ቀናት 155 ግጥሚያዎች ይደረጋሉ ማለት ነው። ዕለታዊ ጋዜጣ ከእነዚህ አምስቱን የፍጻሜ ጨዋታዎች ቢያወጣ ብዙ አወጣ ይባላል። ፈቃደኛው ግን ማክሰኞ ጠዋት፣ አዳራሹ ባዶ ሳለ፣ በአራት ሜዳዎች ላይ በአንድ ጊዜ የሚደረገውን ማን የትኛውን እንደሚከታተል ከባልደረቦቹ ጋር ይካፈላል። በሴኡል የሚኖር አንድ ጸሐፊ እንበል። በመጋቢት ወር በበርሚንግሃም የሚደረገው የኦል ኢንግላንድ ሻምፒዮና ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሲሟሟቅ፣ በእርሱ አገር ከንጋቱ 12 ሰዓት ሆኗል። የመጨረሻው ነጥብ ሲቆጠር ዜናውን አጠናቆ፣ ፊቱን ታጥቦ ወደ መደበኛ ሥራው ይሄዳል። በሥራ ቦታው ሌሊቱን በምን እንዳሳለፈ የሚያውቅ ሰው ላይኖር ይችላል።

ከሥራው ሁሉ አድካሚው የስም ጉዳይ ነው ቢባል የሚገርም ይመስላል። በ2010 እና በ2011 ገደማ በሴቶች ነጠላ ከዓለም ቀዳሚዎች ተርታ ዋንግ ዪሃን፣ ዋንግ ሺሽያን፣ ዋንግ ሺንና ዋንግ ሊን የሚባሉ አራት ቻይናውያን በአንድነት ይጫወቱ ነበር። «ዋንግ አሸነፈች» ብሎ የጻፈ ምንም አልጻፈም። ዋንግ የቤተሰቡ ስም ሲሆን በቻይናውያን ልማድ ከፊት ይቀድማል። ከኢንዶኔዥያውያን ብዙዎቹ ደግሞ ጭራሽ የቤተሰብ ስም የላቸውም። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ በውጭ አገር መሥሪያ ቤት የአባቱ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተቆጥሮ አባቱ ሲጠራበት፣ የራሱ ስም ተረስቶ የቀረበት ሰው በየቤቱ አለ። አንድ ልጅ ከትንሽ አገር ተነሥቶ፣ የአውሮፕላኑን ወጪ ቤተሰቡ ችሎለት፣ በመጀመሪያው ዙር በ25 ደቂቃ ውስጥ ተሸንፎ ሲመለስ፣ ከጉዞው የሚተርፈው በትክክል የተጻፈ ስሙና ያስቆጠረው ነጥብ ነው። ፈቃደኞቹ ይህን ስለሚያውቁ አንዲት ፊደል ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከሩ ያድራሉ።

ይህን ሥራ ደቦ ብሎ ለመጥራት ያዳዳል። ነገር ግን ደቦ የጠራ ሰው ቢያንስ ጠላና ንፍሮ ያቀርባል። እነዚህ ሰዎች የመሣፈሪያውን፣ የማደሪያውንና የካሜራውን ወጪ ከኪሳቸው ይሸፍናሉ፤ የዓመት ፈቃዳቸውንም በአዳራሽ ውስጥ ይጨርሱታል። ብዙዎቹ ጥቂት ዓመታት ከሠሩ በኋላ ትዳር ሲይዙ ወይም የሥራ ኃላፊነት ሲከብዳቸው ይተዉታል፤ በእነርሱም አይፈረድም። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ሌላ ነው። ፈቃደኛው ደመወዝ የሚከፍለው ጌታ ስለሌለው ነጻ ነው ይባላል። ወደ አዳራሹ የሚያስገባውን የጋዜጠኛ ወረቀት የሚሰጠው ግን ውድድሩን የሚያዘጋጀው ክፍል ነው። በጨዋታው መጨረሻ በመተላለፊያው ላይ ቆሞ የሚያነጋግረው ተጫዋችም ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያደንቀው ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው የሚወደውን የሚያሳፍር ነገር ባየ ጊዜ ይጽፈዋል ወይ?

ለዚህ ጥያቄ በተግባር መልስ የተሰጠበት ጊዜ አለ። በ2011 ባድዚን በሚል ስም በኅብረት የሚሠሩት ፈቃደኞች አንድ ነገር መቁጠር ጀመሩ። ቻይናውያን ተጫዋቾች በውድድር ላይ እርስ በርሳቸው ሲደርሱ፣ አንዱ ታመምኩ ወይም ተጎዳሁ ብሎ ለሌላው መንገድ መልቀቁ ይደጋገም ነበር። በዚያ ዓመት በዋና ዋና ውድድሮች ላይ በቻይናውያን መካከል ከተመደቡት 99 ግጥሚያዎች 20ዎቹ ወይ አልተጀመሩም፣ ወይ ሳይፈጸሙ ተቋርጠዋል። ቁጥሩ ወጣ፤ የስፖርቱ ወዳጆችም ተነጋገሩበት። የዓለም ታላላቅ ጋዜጦች ግን በዚያን ጊዜ ጆሮ አልሰጡትም።

ጆሮ የሰጡት ጁላይ 31 ቀን 2012 ለንደን ላይ ነው። በዚያ ኦሊምፒክ ለባድሚንተን የምድብ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ተደንግጎ ነበር። በዚያኑ ዕለት ቀደም ብሎ አንድ የቻይና ጥንድ በዴንማርኮች ተሸንፎ ከምድቡ ሁለተኛ በመውጣቱ፣ ሌላው የቻይና ጥንድ ቢያሸንፍ ከአገሩ ልጆች ጋር ከፍጻሜው በፊት የሚገናኝ ሆነ። ስለዚህ መሸነፍ ፈለገ። ከመረቡ ማዶ የቆሙት ኮሪያውያንም ማሸነፍ አልፈለጉም። ኳሱን ሆነ ብለው ከመረብ ጋር ሲያላትሙና ከሜዳ ሲያወጡ፣ በዌምብሌይ አዳራሽ ገንዘብ ከፍሎ የገባው ሕዝብ ጮኸባቸው። ከዚያ የተከተለው የሌላ ኮሪያ ጥንድና የኢንዶኔዥያ ጥንድ ጨዋታም እንደዚሁ ሆነ። በማግሥቱ ስምንቱም ተጫዋቾች ከውድድሩ ተባረሩ።

ባድሚንተን በዚያን ሰሞን እንደዚያ የተወራለትን ያህል ተወርቶለት አያውቅም። የላባውን ኳስ ከዚያ ቀን በፊት አይተው የማያውቁ ጸሐፊዎች ስለ ስምንቱ ሴቶች ኅሊና ረጅም ሐተታ አቀረቡ። ጥፋቱ ጥፋት ነው፤ ማንም ሊሸፍነው አይችልም። ይሁን እንጂ መሸነፍ የሚጠቅምበትን ደንብ ያወጡት ተጫዋቾቹ አልነበሩም። ይህንን ጠንቅቆ ለማስረዳት አቅም የነበራቸው ዓመቱን ሙሉ ሲቆጥሩ የቆዩት ሰዎች ናቸው። ፌዴሬሽኑም ኋላ ደንቡን ለውጦ፣ ከምድባቸው ሁለተኛ የሚወጡት ጥንዶች ተጋጣሚያቸውን የሚያውቁት የምድቡ ጨዋታ ካለቀ በኋላ በሚወጣ ዕጣ እንዲሆን አደረገ። ስለዚህ ለውጥ የጻፉት ግን ጥቂቶች ናቸው፤ ታላላቆቹ ጋዜጦች ሻንጣቸውን ይዘው ከሄዱ ቆይተዋል።

ከተባረሩት መካከል አንዷ ግሬሺያ ፖሊ የተባለች ኢንዶኔዥያዊት ነበረች። የዚያን ጊዜ ዕድሜዋ 25 ሊሞላ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። ታሪኳ በዚያች ሌሊት ያበቃ ይመስል ነበር፤ የዓለም ጋዜጦችን ብቻ ለሚያነብ ሰውም በርግጥ አብቅቷል። እርሷ ግን መጫወቷን ቀጠለች። በ2014 ከኒትያ ማሄስዋሪ ጋር ሆና በኢንቾን የእስያ ጨዋታዎች ወርቅ አገኘች። በ2016 በቻይና ዉሃን ከተማ በእስያ ሻምፒዮና ግማሽ ፍጻሜ ሁለቱ ከአንድ የጃፓን ጥንድ ጋር 2 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ተጫውተው ተሸነፉ። በባድሚንተን ታሪክ ይህን ያህል የረዘመ ግጥሚያ አልተመዘገበም ነበር። አራት ዓመት ሳይሞላ ላለማሸነፍ ስትጫወት የታየች ሴት፣ ላለመሸነፍ ያን ያህል ሰዓት መቆሟን ከስፖርቱ ወዳጆች በቀር ያየ የለም። በዚያ ቀን ዉሃን ላይ የሆነውን ነጥብ በነጥብ የሚከታተለው ሰው ራሱ ስንት ጊዜ ራት ሳይበላ እንደቀረ ማሰብ ይቻላል። ቀጥሎ ጓደኛዋ ኒትያ ተጎዳች፤ ግሬሺያ ከእርሷ በዐሥር ዓመት ያህል ከምታንስ ከአፕሪያኒ ራሃዩ ጋር እንደገና ከታች ጀመረች።

ኦገስት 2 ቀን 2021 ቶኪዮ ላይ፣ በወረርሽኙ ምክንያት ተመልካች ባልገባበት አዳራሽ፣ ሁለቱ የቻይናን ጥንድ አሸንፈው ለኢንዶኔዥያ በሴቶች ጥንድ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ አስገኙ። ግሬሺያ 34 ዓመት ሊሞላት ዘጠኝ ቀን ቀርቷት ነበር። ጋዜጠኞቹ ተመለሱ። ታሪኩ የሚያምር ስለነበረ ከለንደን በቀጥታ ወደ ቶኪዮ ተሻግረው ጻፉት፤ በመካከሉ ያሉትን ዘጠኝ ዓመታት የፈለገ ግን፣ የኢንቾኑንም የዉሃኑንም፣ በመጀመሪያ ዙር የወደቀችባቸውንም ተራ ማክሰኞዎች የሚያገኘው ፈቃደኞቹ ዘንድ ነው።

ጁን 12 ቀን 2022፣ እሑድ ዕለት፣ ግሬሺያ ፖሊ በጃካርታ ኢስቶራ ሰናያን አዳራሽ በሕዝብ ፊት ተሰናብታ ራኬቷን ሰቀለች። የስንብቱ ዜና በዚያው ምሽት ተጻፈ። ማክሰኞ በዚያው አዳራሽ የኢንዶኔዥያ ኦፕን ይጀመር ስለነበረ፣ የአንደኛው ዙር ተጋጣሚዎች ዝርዝር ወጥቶ፣ የማን ስም በየት በኩል እንደሚጻፍ መመርመር ነበረበት።