ምልክቱና በሽታው

ሰው የዓይኑን ብርሃን የሚያጣው በአደጋ ወይም በእርጅና ብቻ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ሕመም ሳይሰማ፣ ዓይን ሳይቀላ፣ ብርሃን ቀስ በቀስ ይደክማል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እንዲህ ባለው ሕመም ግን በሽታውን የሚደብቀው ታማሚው አይደለም፤ በሽታው ራሱ ተደብቆ ይኖራል።

ከእነዚህ ስውር በሽታዎች አንዱ በርድሾት የሚባለው የዓይን ብግነት ነው። በሽታው እጅግ ጥቂት ሰዎችን የሚይዝ ሲሆን፣ በአብዛኛው የሚታየው የአውሮፓ ዝርያ ባላቸውና ዕድሜያቸው 50 ዓመት አካባቢ በደረሰ ሰዎች ላይ ነው። ታማሚው በመጀመሪያ ትንኝ የመሰሉ ጥቁር ነጥቦች በዓይኑ ፊት ሲንሳፈፉ ያያል። ከዚያም በምሽት ማየት ይሳነዋል፤ የቀለማት ልዩነትም ይደበዝዝበታል። መነጽር ቢለውጥ አይሻለውም። ሐኪም የዓይኑን ውስጠኛ ክፍል በመሣሪያ ሲመረምር ግን ከሬቲናው ሥር የተበተኑ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦችን ያገኛል። እስቲፈን ራያንና ኤድዋርድ ሞሜኒ የተባሉ አሜሪካውያን የዓይን ሐኪሞች በ1980 እ.ኤ.አ. እነዚህን ነጠብጣቦች ወፍ ለማደን ከሚተኮሱ ጥቃቅን የእርሳስ ጥይቶች ጋር በማመሳሰል ለበሽታው ይህን ስም አወጡለት።

ይሁን እንጂ ነጠብጣብ መታየቱ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም። የሳንባ ነቀርሳና ቂጥኝም ወደ ዓይን ሲዛመቱ ይህን የሚመስል ጉዳት ሊያደርሱ ይችላሉ። በርድሾት የሚታከመው የሰውነትን የመከላከል ኃይል በሚያበርዱ መድኃኒቶች ነው። እነዚሁ መድኃኒቶች ነቀርሳ ላለበት ሰው ቢሰጡ ግን ተሐዋስያኑ ይበልጥ እንዲስፋፉ መንገድ ይከፍታሉ። ስለዚህ ስሕተቱ ዋጋ የሚያስከፍል ነው።

በዚህ ጊዜ የሐኪሙ ረዳት ሆኖ የሚቀርበው የዘረመል ምልክት ነው። በሰው ሴሎች ገጽ ላይ ሰውነት የራሱን ከባዕድ የሚለይባቸው ፕሮቲኖች አሉ፤ በአጭሩም ኤች ኤል ኤ ይባላሉ። የእነርሱን አሠራር የሚወስኑት ጂኖች በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛሉ፤ ልጅም ግማሹን ከአባቱ፣ ግማሹን ከእናቱ ይወርሳል። የዚህን ዘርፍ በር የከፈተው በ1958 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ፕሮቲን የገለጸው ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ዶሴ ነው፤ ለዚህም ሥራው በ1980 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1982 እ.ኤ.አ.፣ በአሜሪካ የሚገኙ ተመራማሪዎች ከእነዚህ ፕሮቲኖች አንዱ የሆነው ኤች ኤል ኤ ኤ 29 ከበርድሾት ጋር የጠበቀ ዝምድና እንዳለው አስታወቁ። ዛሬ ከ100 የበርድሾት ሕሙማን ከ95 በላይ የሚሆኑት ይህ ምልክት እንዳላቸው ይታወቃል።

ታዲያ ምልክቱ የተገኘበት ሰው ሁሉ በሽተኛ ነውን? አይደለም። ከምዕራብ አውሮፓ ሕዝብ ከ100 ሰዎች 7ቱ ያህል ምልክቱን ይዘው ይወለዳሉ። 100,000 ሰዎች በሚኖሩባት አንዲት ከተማ፣ በዚሁ ሒሳብ፣ 7,000 ያህሉ ምልክቱ አላቸው ማለት ነው። ከእነርሱ መካከል በበሽታው የሚያዙት ግን እጅግ ጥቂቶች ናቸው፤ የቀሩት ዕድሜያቸውን ሙሉ ከበሽታው ነፃ ሆነው ይኖራሉ። ቄሶች ጥምጥም ይጠመጥማሉ፤ ጥምጥም የጠመጠመ ሁሉ ግን ቄስ አይደለም።

ከዚህ የተነሣ የደም ምርመራው ውጤት ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ጤነኛ ዓይን ያለውን ሰው ምልክቱ ተገኘብህ ብሎ ማስደንገጥ ያለ ጥፋቱ መቅጣት ይሆናል። በአንጻሩ ነጠብጣቡ በግልጽ የታየበት ሰው ምልክቱ ካለው የሐኪሙ ጥርጣሬ ይጠናከራል፤ ከሌለው ደግሞ ሐኪሙ ቆም ብሎ ሌላ መንስኤ ይፈልጋል። በሽታው በጊዜ ታውቆ ሕክምና ከተጀመረ የብዙዎች ዓይን ከጉዳት ይድናል፤ ችላ ከተባለ ግን በዓመታት ውስጥ ማየት ይዳከማል።

እንግዲህ ሳይንስ ለሐኪሙ የሰጠው አዲስ ምስክር እንጂ አዲስ ዳኛ አይደለም። ምስክሩ የሚናገረው ሰውዬው ይዞት ስለተወለደው ነገር ነው፤ ዛሬ በዓይኑ ውስጥ የሚሆነውን የሚያውቀው ግን መርማሪው ብቻ ነው። ያንዱን ቃል ከሌላው ጋር አገናዝቦ መፍረድ የአስተዋይ ሐኪም ድርሻ ነው።