መንገደኛው ምን አይቶ ይሳለማል?

ሥራዬ ማስታወቂያ ነው። ቢልቦርድ የት ቢተከል ሰው ያየዋል እያልኩ የምውል ሴት ስለ መንገድ ዳር ውበት ልጻፍ ስል ባልደረቦቼ ሳቁብኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመስከረም ወር፣ አማቴን ልንጠይቅ ወደ ፈረስ ቤት ሄድን። ጎሐ ጽዮን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ወርደን፣ በደጀን ወጥተን፣ ደብረ ማርቆስን አልፈን ደምበጫ ደረስን። ዋናው አስፋልት ወደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ሲቀጥል እኛ ወደ ደጋ ዳሞት ታጠፍን። ከዚያ ወዲያ ዳገት ነው፤ ብርዱም ይጨምራል። ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። በታረሰው መሬት መሃል፣ ከኮረብታው አናት፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን ይታያል፤ ጽዱና ወይራው የቤተ ክርስቲያን ነው። ዙሪያው ባሕር ዛፍ ነው። አልፈርድም፤ ባሕር ዛፍ ለገበሬው የቁጠባ ደብተሩ ነው።

«እዚህች ጋ አንድ ቢልቦርድ ቢቆም!» አልኩ፣ ሳላስበው።

ማታ እሳት ዳር ይህንኑ ለአማቴ አወራኋቸው። ቡናቸውን ፉት አሉና «ደኑን ይከልለዋላ ልጄ! መንገደኛው ታዲያ ምን አይቶ ይሳለማል?» አሉኝ።

አሜሪካኖች በመንገድ ዳር ያለውን ማስታወቂያ የሚገድብ ሕግ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። በ1991 ደግሞ ውብ መንገዶችን መርጦ የሚሰይም ብሔራዊ ፕሮግራም ጀመሩ። መንገዱ በመልክዓ ምድሩ፣ በታሪኩ፣ በባህሉ ወይም በመሳሰሉት የሚለይ መሆን አለበት፤ የአካባቢው ሰውም እንዴት እንደሚጠብቀው በእቅድ ያስቀምጣል።

እኛስ? «እመጓ»ን ያነበባችሁ ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴን በደራሲነቱ ታውቁታላችሁ፤ ሙያው ግን የደን ሥነ ምህዳር ነው። እሱና አሜሪካዊቷ ሜግ ላውማን በደቡብ ጎንደር ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር በቤተ ክርስቲያን ደኖች ዙሪያ የድንጋይ አጥር አሠርተዋል። ገበሬው ድንጋዩን የሚለቅመው ከማሳው ነው፤ ማሳው ለማረሻ ይቀላል፣ ከብቱም ችግኙን አይበላም። መንገዱን የሚያሳምረው ደን የሚጠበቀው እንዲህ ነው።

ስመለስ አዲስ የቢልቦርድ ቦታዎች ዝርዝር ጠረጴዛዬ ላይ ጠበቀኝ። ከቤተ ክርስቲያን ደን ፊት ለፊት የነበረውን ሰርዤ በከተማው መናኸሪያ ተካሁት። አለቃዬ ግን እስካሁን አልፈረመም።