ከሐዋሳ ቄጠማ ውስጥ የምትዘምረው ወፍ ማን ናት?

ልጆች ወፍ ባዩ ቁጥር የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ «እማዬ፣ ይቺ ምን ትባላለች?» ወፉ ትልቅ ከሆነ መልሱ አያስቸግርም። ቁራውን፣ እርግቡን፣ አባ ኮዳውን ሁላችንም እናውቃለን። ትንሽና ቡናማ ሆና በቄጠማ መካከል ብልጭ ብላ የምትጠፋ ከሆነች ግን «ወፍ ናታ!» ብለን እናልፋለን። በዛሬው አምዳችን እናቶችና ሠራተኞች በዕረፍት ቀን ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ብቅ ቢሉ ይህችን የረግረግ ዘማሪ እንዴት ለይተው ሊያውቋት እንደሚችሉ እናወጋለን። ቁም ነገሩ ከወፏም ያልፋል፤ እርሷን ለይቶ ያወቀ ሰው ቄጠማው ለምን እንደሚያስፈልግም ይገባዋልና።

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ ከተማ ናት። ሐይቋ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት አለው። በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ውሃ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ አይታይም። ጠዋት ወደ አሞራ ገደል የወረደ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የዓሣውን ገበያ ነው። ጀልባዎች ይደርሳሉ፤ ቆሮሶውና አምባዛው ይራገፋል፤ አባ ኮዳዎች ራሰ በራቸውን ዘንበል አድርገው ጥራጊውን ይጠብቃሉ። ከዛፉ ላይ ጉሬዛና ጦጣ ይዘላሉ። ልጆች በዚህ እጅግ ይደሰታሉ። ትንሿን ወፍ የፈለገ ግን ከዚህ ጫጫታ ራቅ ብሎ፣ ፊላው፣ ሸምበቆውና ቄጠማው ጥቅጥቅ ብሎ ወደ በቀለበት የሐይቁ ዳርቻ መሄድ አለበት።

በጆሮ ይጀመራል

የረግረግ ወፍ ከመታየቷ በፊት ትሰማለች። ስለዚህ ከቄጠማው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ መቆም፣ ድምፅን ማጥፋትና ማዳመጥ ይገባል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ከሁሉ ይመረጣል፤ ንፋሱ ገና አልተነሣምና ሸምበቆው አይንኮሻኮሽም። እንዲህ የቆመ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሦስት ዓይነት ዘማሪዎች የአንዷን ድምፅ ይሰማል።

የመጀመሪያዋ ሐዋሳን ዓመቱን ሙሉ የማትለቅ የአገሩ ነዋሪ ናት። በወፍ አጥኚዎች ዘንድ ሌሰር ስዋምፕ ዋርብለር ትባላለች። ድምፅዋ ወፍራምና ጣፋጭ ነው፤ ቀስ ብላ ትጀምርና እንደ ዋሽንት እያንቆረቆረች ትቀጥላለች። ብቅ ስትል ጀርባዋ ያለ አንዳች መስመር ወጥ ቡናማ፣ ጉሮሮዋና ደረቷ ነጣ ያለ፣ መንቁሯ ቀጭንና ረዘም ያለ ነው። ጎጆዋንም የምትሠራው ውሃው ላይ በቆሙት አገዳዎች መካከል ነው። ደረቅ የሸምበቆ ቅጠል ሰንጥቃ በአገዳዎቹ ዙሪያ እየጠመጠመች እንደ ጥልቅ ስኒ ታበጀዋለች። ጥልቀቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ንፋስ ሸምበቆውን ሲያወዛውዘው እንቁላሎቹ ተንከባለው ውሃ ውስጥ እንዳይገቡ ነው።

ሁለተኛዋ ሲስቲኮላ ከሚባሉት ወገን ናት። አናቷ ወደ ዝገት ቀለም ያደላል፤ ጀርባዋ በጥቁር መስመር የተሸነተረ ነው። እንደ ሌሎቹ መደበቅ አይሆንላትም፤ ከአገዳው ጫፍ ላይ ወጥታ የእጅ ሰዓት ሲሞላ የሚሰማውን የመሰለ ቀጭን ድምፅ ታሰማለች።

ሦስተኛዋ የሩቅ አገር እንግዳ ናት፤ ሴጅ ዋርብለር ትባላለች። በመስከረም ግድም መጥታ በሚያዝያ ገደማ ትመለሳለች። ድምፅዋ ከነዋሪዋ ዜማ ጋር አይምታታም፤ እርሷ ቸኳይ ናት፤ ጭርጭር ይላል፣ ይቆረቁራል፣ በመካከሉ ፉጨት ጣል ይደረግበታል፤ የሌሎችንም ወፎች ድምፅ ትቀዳለች። መልኳን ለማወቅ ቅንድቧን ማየት ይበቃል። ከዓይኗ በላይ በነጭ ቀለም የተሰመረ የሚመስል ሰፊ ቅንድብ አላት። ጀርባዋ ሽንትር ያለበት ሲሆን ከጅራቷ በላይ ያለው ላባ ግን መስመር የሌለው፣ የዳማ ቀለም ነው።

እንግዲህ ለልጆች በአጭሩ እንዲህ ብሎ መንገር ይቻላል፤ ወጥ ቡናማ ሆና እንደ ዋሽንት ካዜመች የሐዋሳ ተወላጅ ናት፤ አናቷ የዛገ መስሎ ከጫፍ ላይ ከተቀመጠች ሲስቲኮላ ናት፤ ነጭ ቅንድብ ካላትና ከተጨረጨረች እንግዳዋ ናት።

የሦስት ማንኪያ ስኳር ክብደት

ይህች እንግዳ ከመንቁሯ እስከ ጅራቷ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። ክብደቷ 12 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ይህም ሻይ ውስጥ ከምንጨምረው ሦስት ማንኪያ ስኳር አይበልጥም። የምትፈለፈለው በአውሮፓና በምዕራብ እስያ ረግረጎች ነው። ብርዱ ሲመጣ የምትበላው ትንኝና የቅጠል ተባይ ስለሚጠፋ ጉዞ ትጀምራለች። ከመነሣቷም በፊት በሸምበቆ ውስጥ የሚረባውን ጥቃቅን ተባይ እየለቀመች ስብ ታጠራቅማለች፤ አንዳንዷ ክብደቷን በእጥፍ ያህል ታሳድጋለች። በዚያ ስንቅ የሰሐራን በረሃ ታቋርጣለች። ከምዕራብ አውሮፓ የሚነሡት ወደ ምዕራብ አፍሪካ ሲወርዱ፣ ከምሥራቁ የሚነሡት ደግሞ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ አፍሪካ ይመጣሉ።

ዜማዋም ለጨዋታ ብቻ የሚሰማ አይደለም። ክላይቭ ካችፖል የተባሉት እንግሊዛዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጡት ጥናት፣ ብዙ ዓይነት ድምፅ አቀነባብሮ የሚዘምረው ወንድ ከሌሎቹ ቀድሞ ሴት እንደሚያገኝ አሳይተዋል። ዜማ የሚያምርለት ሙሽራ ቀድሞ ትዳር ይይዛል ማለት ነው።

የዚህች ወፍ ኑሮ በሁለት አህጉር ረግረግ ላይ የተንጠለጠለ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ በምዕራብ አፍሪካ የሳህል ምድር ድርቅ በተደጋገመ ጊዜ፣ በእንግሊዝ አገር ረግረግ የሚራቡት የዚሁ ዘር ወፎች ቁጥር በእጅጉ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ጥናት የወፎቹ በሕይወት መቆየት አፍሪካ ውስጥ ከሚጥለው ዝናብ ጋር የተያያዘ መሆኑን አመለከተ። በእንግሊዝ አገር ሸምበቆው እንዳለ ነበር፤ የጎደለው ወፏ ክረምቱን የምታሳልፍበት የአፍሪካ ረግረግ ነው። እንግዳ ተቀባዩ ቤት ሲፈርስ እንግዳው ወዴት ይሄዳል?

ቄጠማው የማን ነው?

ቄጠማን የማታውቅ እናት የለችም። በእንቁጣጣሽና በፋሲካ ዋዜማ ከገበያ ገዝተን ቤታችንን እንጎዘጉዘዋለን፤ ቡና ስናፈላም ከረከቦቱ ሥር እንነሰንሰዋለን። ይህ ለምለም ነገር የረግረግ ልጅ ነው። በልክ ከታጨደ ተመልሶ ያቆጠቁጣል። ዳርቻው ሲታረስ፣ ሲደለደልና ግንባታ ሲጠጋው ግን ተመልሶ አይበቅልም።

ቄጠማና ፊላ ለሐይቁ እንደ ወንፊት ናቸው። ጎርፍ ከእርሻና ከከተማ ጠርጎ የሚያመጣውን ደለል ያዝ አድርገው ያስቀራሉ። ለዓሣው ጫጩት መደበቂያ ይሆናሉ፤ በገበያው የምንገዛው ቆሮሶም በልጅነቱ ያደገው በዚሁ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው። ከሐዋሳ በስተ ምሥራቅ የነበረው ጨለለቃ የተባለው ትንሽ ሐይቅ በደለል ተሞልቶ ወደ ረግረግነት መለወጡ ለዋናው ሐይቅም ማስጠንቀቂያ ነው። ስለሆነም የወፏ ድምፅ ከቄጠማው ውስጥ መሰማቱ ለሐይቁ፣ ለዓሣ አስጋሪውና ለገበታችን ጭምር የምሥራች ነው። ዝም ስትል መጠየቅ ይገባል።

ለሚሄዱ እናቶች ጥቂት ምክር

ልጆችን በባዶ እግር ወደ ዳርቻው ውሃ ማስገባት አይገባም። በቅጠል በተሸፈነ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዚያን በሽታ ያስተላልፋሉ። በሐይቁ ውስጥ ጉማሬ ስላለ ማለዳ ጎሕ ሳይቀድና ከመሸ በኋላ ወደ ቄጠማው መጠጋት አደገኛ ነው፤ በቀንም ቢሆን ቦታውን ከሚያውቅ ሰው ጋር መሆን ይመረጣል።

ወፏን ለማውጣት ድንጋይ መወርወር ወይም አገዳ መምታት ጎጆ ያፈርሳልና ልጆችን ከዚህ መግታት ያስፈልጋል። የርቀት መነጽር ቢገኝ መልካም ነው፤ ባይገኝ ዓይን፣ ጆሮና ትዕግሥት ይበቃሉ። ለልጁ አንድ ደብተርና እርሳስ ቢሰጠው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቅንድቧን ቀለም፣ ድምፅዋን ይጽፋል፤ ቢፈልግም ይሥላታል። ወደ ሐዋሳ ለመሄድ ገንዘቡ ወይም ጊዜው ላልተመቻት እናትም በአቅራቢያዋ ባለ ኩሬ ወይም ወንዝ ዳር ይህንኑ ማድረግ ትችላለች፤ ቄጠማ ባለበት ዘማሪ አይጠፋም።

በሚቀጥለው በዓል ቄጠማ ስንጎዘጉዝ ልጆቻችን «ይህ ከየት መጣ?» ብለው ቢጠይቁን፣ ከገበያ ብቻ ብለን አንመልስላቸው። ነጭ ቅንድብ ካላት፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ከምታህል፣ በረሃ ተሻግራ ከምትመጣ ወፍ ቤት መምጣቱን እንንገራቸው።